እትዬ መርፌና የማጥቢያ ቀሚሴ

የባሌን ታላቅ እህት ጠልቻት አላውቅም። ቀንቼባት ግን አውቃለሁ፤ ያውም አንጀቴ እስኪያር። ቅናት የሌለባት ሴት ካለች ትምጣና ትፍረድብኝ።

የመኪና ወንበር ልብስ በምትሰፋበት ሱቅ ያሉት ሁሉ «እትዬ መርፌ» ይሏታል። ቀጭን ናት፣ ረጅም ናት፣ ስትናገርም ትወጋለች። እናታቸው ስትሞት ባሌ የሦስት ዓመት ልጅ ነበር፣ እሷ ደግሞ አሥራ አራት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሱን አሳደገች። ሳታገባ፣ ሳትወልድ፣ የሰው መቀመጫ ስትሰፋ ይኸው ሃምሳ ዓመት ሊሞላት ነው።

ስወልድ ሊጠይቀኝ የመጣው ሰው ሁሉ የሕፃን ልብስ ይዞ ነው የመጣው፤ ልጄ ወር ሳይሞላት የሚጠብባትን። ለእኔ ያሰበችልኝ እሷ ብቻ ነበረች። መጀመሪያ ማጥቢያ ትራስ ሠራችልኝ፤ ከወንበር ስፖንጅ ቆርጣ፣ በጥቁር ሌዘር ለብጣ። ጭኔ ላይ ሳደርገው ታክሲ የተሳፈርኩ መሰለኝ። ልጄም ጉንጯ ከሌዘሩ ጋር እየተጣበቀ ቤቱን በለቅሶ አናጋችው። እትዬ ወስዳ በጥጥ ጨርቅ ለብጣ መለሰችው። ቀጥላ ወተት ልብሴን እንዳያረጥብብኝ ጡት ማስያዣዬ ውስጥ የማደርጋቸውን ክብ ክብ ጨርቆች ሰፋችልኝ፤ ደራርባ፣ ጠርዛቸውን ለስላሳ አድርጋ፣ አንዱ ሲታጠብ ሌላው እንዲኖር ደርዘን ሙሉ።

በመጨረሻ ቀሚሱ መጣ። ሰማያዊ፣ ስስ ጥጥ፣ ደረቱ ላይ ግራና ቀኝ እጥፋት ያለው፤ እጥፋቱ ሥር ዚፕ ተደብቋል። በአንድ እጄ ልጄን ይዤ በሌላው ስብ አድርጌ እከፍተዋለሁ። ለዚፕ ለዚፕማ ማን ይደርስባታል! ያ ቀሚስ የወሊድ ፈቃዴ እስኪያልቅ ከገላዬ ወረደ ማለት አይቻልም። ሲቆሽሽ ማታ አጥቤው ጠዋት መልሼ እለብሰዋለሁ።

ፈቃዴ አልቆ ወደምሠራበት ማተሚያ ቤት ስመለስ እትዬ የስፌት መኪናዋን አሸክማ ቤታችን መጣች። «እዚሁ እየሰፋሁ አያታለሁ። ለማንም አልሰጣትም» አለች። እኔም እጇን ስሜ ወጣሁ። ያን ዕለት ቅናት የሚባል ነገር በአጠገቤ አልነበረም።

ምሳ ሰዓት ላይ ወረቀት የሚቀመጥበት ክፍል ገብቼ፣ በሩን ከውስጥ ቆልፌ፣ ካርቶን ላይ ተቀምጬ ጡቴን አልባለሁ። በእጅ የሚጫን ማለቢያ ነው፤ ክንዴ እስኪዝል ጭምቅ ጭምቅ ሳደርገው ጠብ ጠብ ይላል። ያችን ወተት በበረዶ ከብቤ፣ በአውቶቡስ ታቅፌ፣ ቤት አድርሼ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጣለሁ፤ በማግስቱ እትዬ በጡጦ ታጠጣታለች። ያን ሁሉ ለፍቼ ማታ ስገባ የሚጠብቀኝ ባዶ ጡጦ ነው። «ሙልጭ አድርጋ ጠጣች» ትለኛለች እትዬ። እሰየው ማለት ሲገባኝ ጡጦውን ከእጇ ነጥቄ ማጠብ እጀምራለሁ። እኔ ላልብ፣ እሷ ልታቅፍ!

ከዚያ ትንሹም ትልቁም ነገር ይታየኝ ጀመር። እትዬ ምላሷን ቀጭ ስታደርግ ልጄ ትስቃለች፤ እኔ ቀጭ ሳደርግ ግድግዳ ታያለች። እኔ ጋ ሆና እትዬ ከወጥ ቤት ካስነጠሰች አንገቷ ወደዚያ ይዞራል። ለባሌ ነገርኩት።

«እኔንስ ያሳደገችኝ እሷ አይደለችም? ምን ያስፈራሻል?» አለኝ።

«እሱ ነው እኮ የሚያስፈራኝ» አልኩት። ሳቀ። እኔ ግን የምሬን ነበር፤ እሱ እስከ ዛሬ ሲደነግጥ የሚጠራው እሷን ነው። ልጄም ነገ አፍ ስትፈታ «እማዬ» የምትለው ማንን እንደሆነ እያሰብኩ እንቅልፍ አጣሁ።

አንድ ቀን መብራት ሄዶ ማተሚያው ቆመና በጊዜ ተለቀቅን። ተጣድፌ መጣሁ፣ በሩን ከፈትኩ፤ ክው አልኩ። እትዬ እኔ የማጠባበት ወንበር ላይ፣ ማጥቢያ ትራሴን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ቀሚሴን ለብሳ ተቀምጣለች። ሰማያዊውን። ልጄ ዓይኗን ጨፍና፣ አፍንጫዋን የእትዬ ደረት ላይ ቀብራ ጡጦዋን ትጠባለች።

«እትዬ፣ ምንድን ነው ይሄ?»

«ቀስ በይ፣ እንቅልፍ እየወሰዳት ነው።»

«ቀሚሴን ነው የምልሽ! የሰው ልብስ ለብሰሽ፣ የሰው ልጅ ደረትሽ ላይ ለጥፈሽ! እናቷ እኔ ነኝ፣ ገባሽ?»

እትዬ ተነሳች። ልጄን አስተኛች፣ ቀሚሱን አወለቀች፣ አጣጥፋ ወንበሩ ላይ አኖረች። «እሺ» አለች። በቃ። ወጥታ ሄደች።

እኔም ቀሚሱን በፈላ ውሃና በሳሙና አንድ ጊዜ አጠብኩት። የእሷ ጠረን ያለበት መስሎኝ ደገምኩት። በሦስተኛው እጄ ተላጠ።

ጠዋት እንደ ልማዷ መጣች። ቀሚሱን ደርቆ እንደተሰቀለ ትቼው ወጣሁ። ከሰዓት በኋላ እትዬ ማተሚያ ቤቱ ስልክ ደወለችልኝ። ደውላልኝ አታውቅም።

«ነይ» አለች። «ከጠዋት ጀምሮ አንድ ጉንጭ አልወሰደችም።»

እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። ልጄ ድምጿ ተዘግቷል፤ እትዬ የፈሰሰ ወተት ሸሚዟን አርሶት ከግድግዳ ግድግዳ ትንቆራጠጣለች። ልጄን ቀማኋት። የደረቴን ቁልፍ ፈትቼ ሳልጨርስ ልጄ ጡቴን ጎረሰች። ቤቱ ጸጥ አለ። እውነቱን ልናገር? መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው።

«አየሽ?» አልኳት። «እናቷን ነው የፈለገችው።»

«እናቷን ነው» አለች እትዬ። ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። «ሁልጊዜም እናቷን ነው። ሥራ የጀመርሽ ዕለት ጡጦውን ባየች ቁጥር ጮኸች። ያልሞከርኩት የለም። ቀሚስሽ አልጋው ላይ ነበር፣ አንስቼ ለበስኩት፤ ወዲያው ዝም አለች። ለብሰሽው ስለምታድሪ ያንቺ ጠረን ነበረበት። ከዚያ ወዲህ እሱን ለብሼ ነው የማጠጣት። ዛሬም ለብሼው ነበር። ሳሙና ሳሙና ሲሸታት ፊቷን አዞረች።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«ሥራ ላይ ሆነሽ እንዳትጨነቂ ብዬ።» የተወጋጉ ጣቶቿን ታሻሻለች። «እሱ ብቻም አይደለም። ለራሴም ብዬ ነው። ዓይኗን ጨፍና ስትደገፍብኝ፣ እኔን ብላ ነው እያልኩ ራሴን አታልላለሁ። በየቀኑ መጀመሪያ በራሴ ልብስ እሞክራታለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ እኔን ብላ ብትጠጣልኝ ብዬ። ትገፋኛለች። ከዚያ ተነስቼ ያንቺን እለብሳለሁ።»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። በየማታው የቀናሁባት ሴት በየጠዋቱ ስትገፋ ኖራለች።

«እትዬ፣ ይቅር በይኝ» አልኩ። ልጄ ጠግባ፣ አፏን ከፍታ፣ ዝርግት አለች። አንስቼ ዘረጋሁላት።

«ተይ፣ ታለቅሳለች» አለች፤ እርጥብ ሸሚዟን እያየች።

«ጠግባለች። አሁን ልብስ አትመርጥም።»

እየፈራች ተቀበለችኝ። ልጄ አንዴ ተንጠራራች፣ አሸተተቻት፣ ከዚያ ጉንጯን ሸሚዟ ላይ ጣል አድርጋ ተኛች። እትዬ መተንፈስ እንኳ ፈራች። ዓይኗ እንባ ሞላ። እኔም፣ ይቅርታ የጠየቀው አንደበቴ ገና ሳይደርቅ፣ ትንሽ ቀናሁ።