መስመሩ ሳይድን

ዋናተኛ ውሃ ቢፈራ ሰው ይስቅበታል። ፍሬሙ ግን አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ መስታወት ቤት እየሠራ መስታወት ሲፈራ ማንም አልሳቀበትም። አላወቁበትማ! ፍርሃቱን እንደ ጥሩ ሌባ ደብቆ ያዘው።

ፍሬሙ ያሉት ፍሬም ስለሚሠራ ነው። እናቱ ያወጣችለት ስም አለ፤ በሱ የሚጠራው ግን ሐኪም ቤት ካርድ ሲያወጣ ብቻ ነው። እንጨቱን ይለካል፣ ጫፉን በሰያፍ ይቆርጣል፣ ያጣብቃል፣ ይመታል። እሱ በገጠመው ማዕዘን መሃል ጥፍር አይገባም። መስታወቱን የሚቆርጠው ግን የሱቁ ባለቤት ነው፣ የሚስቱ ታላቅ ወንድም። ፍሬሙ ጋሼ ይለዋል። ሚስቱም ጋሼ ትለዋለች። የጋሼ የገዛ ሚስት እንኳ ስትናደድበት ጋሼ ነው የምትለው።

ፍርሃቱ የገባው ሥራ በጀመረ በመጀመሪያው ቀን ነው። ያን ቀን ጋሼ አንድ ወፍራም መስታወት ጠረጴዛው ላይ አጋደመና መቁረጫዋን አቀበለው። መቁረጫዋ እርሳስ ታክላለች፤ ጫፏ ላይ ከምስር የማትበልጥ፣ የምትሽከረከር የብረት ጎማ አለቻት። አልማዝ ይሏታል እንጂ አልማዝ የሚባል ነገር ባጠገቧም አላለፈ።

«በል ሞክር፣ ሙሽራው!» አለው። ካገባ ገና ሦስት ሳምንቱ ነበር።

ፍሬሙ አሰመረ። ከዚያ ጫፉን ይዞ ቁልቁል ሲጫነው፣ ቧ! አለ። ሙሉው መስታወት እጁ ላይ እንዳለ ጠፋ። ተሰበረ አይባልም፤ ዘነበ። ጠጠር ሆኖ ጫማው ውስጥ ሳይቀር ገባ።

ጋሼ ጠጠሩን በጫማው ገፋ ገፋ አደረገው። ከዚያ «እጅህ ጥሩ አይደለም። ፍሬም ላይ ሁን» አለው።

በቃ፣ ይቺው ናት። ዳኛም እንኳ ሰው ላይ ሲፈርድ ከዚህ በላይ ይናገራል።

ፍሬሙ ከጠጠሩ አንድ እፍኝ ዘግኖ ባዶ የከረሜላ ቆርቆሮ ውስጥ ከተተ፣ ከሥራ ጠረጴዛው ሥር ሸጎጠው። መቁረጫዋን ልሞክራት የሚል ሐሳብ ሲመጣበት ቆርቆሮውን ያነሳና ያወዛውዘዋል። ኮሽ፣ ኮሽ። ሐሳቡ ይሄዳል።

ክፉ ቃል ደግሞ አንድ ቦታ ተቀምጦ አይቀርም፤ ቤት ለቤት ይዞራል። እጄ ጥሩ አይደለም ያለ ሰው መኪና መንዳት አልተማረም። ብስክሌት ሲገፋ እንጂ ሲጋልብ ያየው የለም። ልጁ ስትወለድ እንኳ አራት ወር ሙሉ አላቀፋትም። «አንገቷ ይጥና» አለ። አንገቷ ጠና። «ወገቧ ይጥና» አለ። በመጨረሻ ሚስቱ ጭኑ ላይ ጣለችለትና ገበያ ሄደች። እስክትመለስ ድረስ ሳይንቀሳቀስ ተቀመጠ፤ እግሩ ደንዝዞ ማታ በሁለት ሰው ድጋፍ ነው የተነሳው።

እንዲህ እያለ ኖረ። ክፉም አልነበረም። ማክሰኞ ዕለት ግን ጋሼ አንድ ሆቴል ውስጥ መስታወት ሊሰቅል መሰላል ላይ ወጣ። መሰላሉ ደህና ነው፣ መስታወቱም ደህና ነው፣ ጋሼ ብቻ ወደቀ። የቀኝ እጁ ሁለት ቦታ ተሰበረ።

ፍሬሙ ሐኪም ቤት ሊጠይቀው ሄደ። ጋሼ፣ ክንዱን በጄሶ ጠቅልለውለት፣ እንደ ሰው ዕቃ አጠገቡ አስቀምጦታል።

«ሰኞ ቆራጭ ይመጣል፣ አነጋግሬዋለሁ» አለ። «ደህና ባለሙያ ነው። ፍሬምም ይችላል።»

ፍሬሙ ያመጣውን ብርቱካን እንደያዘ ቀረ። «ፍሬምም ከቻለ፣ እኔስ ጋሼ?»

ጋሼ ኮርኒሱን አየ። ኮርኒሱ ላይ ምንም የለም። «ሱቁን ታውቀዋለህ። ሁለት ሰው አይችልም። … የፀጉር ሠሪዋ መስታወት ቀጠሮው ለቅዳሜ ነበር፤ አዲሱ ቆራጭ ሰኞ ይቆርጠዋል፣ ይቅርታ በላት።»

ፍሬሙ ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ ነገራት። አርባ ሁለት ዓመቱ ነው። ሌላ ሙያ የለውም። በዚህ ከተማ ለፍሬም ብቻ ሰው የሚቀጥር ሱቅ ደግሞ አንድ ነበር፣ እሱም የጋሼ ነው።

«ወንድሜ አይደል? እኔ ልለምነው?» አለች።

«አይሆንም!»

«እንግዲያው ቁረጥ።»

«ምኑን?»

«መስታወቱን ነዋ! ራስህን ነው እንዴ?» አለች። «ከሰኞ በፊት ቆርጠህ ካሳየኸው ሌላ ሰው ምን ያደርግለታል?»

ያን ሌሊት አልተኛም፤ ያንን እንለፈው፤ ያልተኛ ሰው ታሪክ የለውም።

ሐሙስ ጠዋት አንድ ከረባት ያሰረ ሰውዬ የመታጠቢያ ቤት በር መስታወት በታክሲ ጭኖ መጣ። ከበሩ ገባ እንዳለ «አራት ጣት ያህል ቀንስልኝ፣ ረዝሞብኛል» አለ።

ፍሬሙ ጥጉ ላይ ያለውን ማኅተም አየ። «ይሄ አይቆረጥም፣ ጌታዬ።»

«መስታወት ቤት አይደል እንዴ?»

«ነው። ይሄ ግን ቴምፐር ነው። በእሳት አጠንክረውታል። በቡጢ ቢመቱት ምንም አይልም፤ ሊቆርጡት ሲሉ ነው የሚፈነዳው።»

«ቆራጩ የለም በለኝና ልሂድ! ምን ታሪክ ትነግረኛለህ?»

ፍሬሙን ይቺ ነካችው። ይህንን ነገር በአስራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ሁለት መቶ ለሚሆን ሰው አስረድቷል፣ እውነት ነው፣ አንድ ጊዜም አልተሳሳተም። «የዓለም ቆራጭ ተሰልፎ ቢመጣም አይቆርጠውም!» አለ። «ጋሼም ቢሆን! ሌላው መስታወት ሲሰበር እንደ ቢላ ስለት ነው የሚሆነው፤ ይሄ እንደ ደረቅ ጨው ጠጠር ይሆናል። አያምኑኝም? ቆይ!» ጎንበስ ብሎ ቆርቆሮውን አወጣና ክዳኑን ከፍቶ ሰውዬው አፍንጫ ሥር ያዘለት።

ሰውዬው አየ። አንዷን ጠጠር አንስቶ በጣቱ አሻት። «ይገርማል። ታዲያ ይሄኛውን ሊቆርጥ የሞከረው ቂል ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለ ፍሬሙ፣ አፉም እንደተከፈተ ቀረ።

«ምነው? ውሃ ላምጣልህ እንዴ?»

የሰው ጭንቅላት ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ በመሃል በር የለውም። ፍሬሙ በአንደኛው ክፍል ቴምፐር እንደማይቆረጥ ያውቃል። በሌላኛው ክፍል እጁ መጥፎ እንደሆነ ያውቃል። ቆርቆሮው ስንት ዓመት ሙሉ በሁለቱ መሃል ተቀምጦ ኮሽ ኮሽ ሲል ኖረ፤ ክፈቱልኝ እያለ ይሁን አይሁን እንጃ።

ሰውዬውን ከነመስታወቱ ሸኝቶ ሱቁን ዘጋና ቆርቆሮውን ይዞ ሐኪም ቤት ሄደ። ጋሼ ሾርባ በግራ እጁ እየጠጣ፣ ማለት ደረቱ ላይ እያፈሰሰ ነበር።

«ጋሼ፣ ያ መስታወት ቴምፐር ነበር?»

ጋሼ የቱ አላለም። ማንኪያውን አስቀመጠ። «የባንክ በር ነበር። ባንኩ ሲፈርስ ነው የገዛሁት። በዚያን ጊዜ ማን ቴምፐር ያውቃል? ተራ መስሎኝ ነው።»

«መቼ አወቅህ?»

«ማታውን። የሸጠልኝን ሰው ጠየቅኩት።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ጠዋት ልነግርህ ብዬ ነበር። ጠዋት ስመጣ አንድ ፍሬም ሠርተህ ጨርሰሃል። እንዴት ያምራል! ነገ እነግረዋለሁ አልኩ።» ጋሼ ሾርባው የነካውን ደረቱን ጠረገ። «ከዚያ አስራ ዘጠኝ ዓመት ሆነ።»

ፍሬሙ ይጮሃል ብሎ ጋሼ ጠበቀ። አጠገቡ የተኛው በሽተኛም ሬድዮውን ቀነሰ። ፍሬሙ ግን «እንዴት ነው የሚቆረጠው?» ብቻ አለ።

ጋሼ ፊቱ ትንሽ ቀላ። «ጎማዋን ላምባ አስነካት። አንዴ ብቻ ሂድበት፤ ከደገምክበት ይናደዳል። ካሰመርክ ደግሞ ቆመህ አትመልከተው፣ ቶሎ ስበረው። ካቆየኸው መስመሩ ይድናል።»

«ይድናል?»

«እንደ ቁስል። ከዳነ በኋላ በፈለገበት በኩል ነው የሚሄደው።»

አሁን፣ እውነቱን ያወቀ ሰው ፍርሃቱ ይለቀዋል የሚሉ አሉ። ይህንን የሚሉት ያልፈሩ ሰዎች ናቸው። ፍሬሙ ከሐኪም ቤቱ በር ሲወጣ አጥር ይዞ ቆመ። እስከዛሬ አንድ መጠለያ ነበረችው፤ እጄ ጥሩ አይደለም ይልና ከሥሯ ይቀመጣል፣ ዝናብም አይነካው። አሁን ጣሪያዋን ገለበጡበት። ያኛው ሲፈነዳ ጥፋቱ የመስታወቱ ነበር። ይሄኛው ቢሰበርስ በማን ያሳብባል?

ዓርብ ቁርጥራጭ ላይ ሞከረ። አንደኛው ተበላሸ። ሁለተኛው፣ ሦስተኛውና አራተኛውም ተበላሹ፤ መስመሩን ባላመነ ቁጥር ይደግመው ነበር። አምስተኛው ላይ መቁረጫዋን እንደጨረሰ ወዲያ ወረወራት፣ እንዳይደግም። ጎበዝ፣ ተሰበረ! ቀጥ ብሎ ተሰበረ። ስምንተኛው ደግሞ ተበላሸ። ማታ ሚስቱ ጣቱ ላይ ፕላስተር እየለጠፈች «ስንት ተሳካ?» አለችው።

«ከአስራ አንዱ ስድስት።»

«ታዲያ አለፍክ እኮ፤ እኔ በዚህ ውጤት ነው ስምንተኛን ያለፍኩት።»

«የፀጉር ሠሪዋ መስታወት አንድ ብቻ ነው። ያ ከተሰበረ ሱቁ ውስጥ ሌላ የለም።»

እሷም ሌላ ፕላስተር አውጥታ ለነገ ኪሱ ውስጥ ከተተችለት።

ቅዳሜ ጠዋት ፀጉር ሠሪዋ መጣች። ቀጭን ናት፣ ምላሷ ግን አይደለም። «መስታወቴስ? ነገ ነው የምከፍተው፤ ደንበኞቼ ግድግዳ እያዩ ሊሠሩ ነው?»

«ይቅርታ…» ብሎ ጀመረ ፍሬሙ። የጋሼ መልእክት ምላሱ ላይ ነበር፤ ሰኞ ሊላት፣ መገላገል። ግን ሰኞ ማን እንደሚመጣ ትዝ አለው። «ይቅርታ፣ ጫፉን ያዥልኝ፤ ብቻዬን አላነሳውም» አለ።

ሁለቱ ተሸክመው ጠረጴዛው ላይ ብርድ ልብስ አንጥፈው አስተኙት። ከሰው ቁመት ይበልጣል። ፍሬሙ ማስመሪያውን ሊያስቀምጥ ሲያጎነብስ ከሥር አንድ ሰውዬ ቀና ብሎ ያየዋል፤ የላበው፣ ከንፈሩ የነጣ። መስመሩ በሰውዬው ግንባር ላይ ነው የሚያልፈው።

ላምባ አስነካት። ትንፋሹን ያዘ። ከማዶ ጫፍ ጀምሮ ወደ ራሱ ሳባት፤ ሽርርርር አለች፣ ሳትቆም፣ ሳትዘል፣ ግንባሩን አቋርጣ ከዚህኛው ጫፍ ወጣች። መቁረጫዋን ወረወራት። ፀጉር ሠሪዋ ዞር አለችላት።

አሁን መስታወቱን እስከ ጠረጴዛው ጠርዝ ስቦ መጫን ነው የቀረው። ሳበው። ሁለት እጁን ጫፉ ላይ አደረገ። ከዚያ ቆመ።

ያ ቧ! የሚል ድምፅ ጆሮው ውስጥ መጣ። ጫማው ውስጥ ጠጠር የገባ መሰለው። እጁ እምቢ አለ። መስመሩ እየዳነ ነው፤ እያየው እየዳነ ነው።

«ምን ትጠብቃለህ?» አለች ፀጉር ሠሪዋ።

«ፈራሁ» አለ። ይህችን ቃል ለሰው ሲናገር የመጀመሪያው ነው።

እሷም አልሳቀችም። «እኔ መጀመሪያ ፀጉሯን የቆረጥኩላት ሴትዮ ጆሮዬን ብላ ጮኸችብኝ።»

«ፀጉር እንኳ ቢበላሽ ያድጋል።»

«ጆሮ ግን አያድግም» አለች። «በል ተጫን! ፈርተህም ይቻላል።»

ዓይኑን ጨፍኖ ተጫነ።

ቀጭ።

ይቺው ናት። ደረቅ ጭራሮ ከምትሰበርበት ድምፅ አትበልጥም። ዓይኑን ሲገልጥ ትርፉ በእጁ ቀርቷል፣ መስታወቱ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ጠርዙ በክር የተሳበ ይመስላል።

«ለዚህ ነው እንደዚህ ያላበህ?» አለች ሴትየዋ።

ፍሬሙ ቁራጩን ቀስ ብሎ አስቀመጠና ወደ ጓሮ ወጥቶ አስመለሰው። ተመልሶ ገብቶ የመስታወቱን ፍሬም መታላት።

ሰኞ ጋሼ ክንዱን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ መጣ። መንገዱ በፀጉር ሠሪዋ በር ነው የሚያልፈው፤ ገብቶ ሳያይ አልቀረም። አዲሱ ቆራጭ ዕቃውን በሻንጣ ይዞ ደጅ ቆሟል። ጋሼ በደህናው እጁ ጨበጠው። «ወንድሜ፣ በከንቱ አደከምኩህ። ለካ ቆራጭ አለኝ» አለው።  ከዚያ ሐኪም ቤት ካመጣለት ብርቱካን አንዱን ከኪሱ አውጥቶ ላጥልኝ ብሎ ለፍሬሙ ሰጠው።

ፍሬሙ ዛሬም ይፈራል። በቀን ስምንት መስታወት ከቆረጠ ስምንት ጊዜ ይፈራል፤ ለፍርሃቱ እንደ ምሳ ሰዓት ጊዜ መድቦለታል። ቆርቆሮውም ከጠረጴዛው ሥር ወጥቶ ባንኮኒው ላይ ተቀምጧል፣ ቴምፐር ቁረጡልን ለሚሉ ማሳያ። ጋሼ ባጠገቡ ሲያልፍ ወደ ሌላ በኩል ነው የሚያየው።

የጋሼ እጅ ጠምሞ ስለዳነ አሁን ፍሬም የሚመታው እሱ ነው። ማዕዘኑ አይገጥምም። ጥፍር አይደለም ጣት ይገባል። ባለፈው አንዱን ጨርሶ ፍሬሙ ፊት አቆመና አንገቱን ደፍቶ ጠበቀ። ፍሬሙ የተከፈተውን ማዕዘን አየ፣ የጋሼን እጅ አየ፣ አፉን ከፈተ። ያ የጋሼ ቃል እዚያው ነበር፣ እንደ ጠመንጃ ተቀባብሎ፣ ዕድሜ ልኩን ሲጠብቅ የኖረ።

«ይሄኛው እንጨቱ እርጥብ ነበር፣ ጋሼ» አለ። «በደረቅ ድገመው።»

ጋሼ በደረቅ ደገመው። አሁንም አልገጠመም፤ ግን ጣት መግባቷ ቀርቶ ጥፍር ሆናለች።