ከባትሪው በቀጥታ

ሰኞ ሬስቶራንታችን ዝግ ነው። ፌርፋክስ መንገድ ላይ ሳህን ከማጥብበት ቤት ውጪ የማውቀው ሰው ስላልነበረኝ፣ ሰኞ ሰኞ ከፒኮ መንገድ ጀርባ ፓርክ ያደረግኳት መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ ሬዲዮ አዳምጥ ነበር። ዘፈን የሚያሰማውን አይደለም፤ የመንግሥት ፈቃድ ያለው ሰው ማይክ ይዞ ከማያውቀው ሰው ጋር የሚያወራበትን ነው። እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው የተማርኩት፤ የፈቃዱን ፈተና ያለፍኩት ጥያቄዎቹን ከነመልሳቸው ሸምድጄ ነው። መሸምደድ አያቅተኝም። የሚያቅተኝ ማውራት ነው። የማላየው ሰው ግን አያስፈራኝም ብዬ ነበር።

ሬዲዮውን የሰካሁት የሲጋራ መለኮሻው ቀዳዳ ላይ ነበር። ሰዎቹ ስለ ጉልበት ሕመም፣ ስለ ፍሪዌዩ መጨናነቅ ሲያወሩ ጥርት ብሎ ይሰማኛል። ዝም ሲሉ ማይኩን ተጭኜ ከፈቃዱ ጋር የተሰጡኝን የመጠሪያ ፊደሎች እናገራለሁ። ማንም አይመልስም። ትንሽ ቆይተው፣ እኔ እንዳልተናገርኩ ሁሉ፣ ወሬያቸውን ይቀጥላሉ። እንግሊዝኛዬን ሰምተው የናቁኝ መሰለኝ። ቤት ገብቼ ፊደሎቹን መስታወት ፊት እለማመድ ነበር።

አንድ ሰኞ ጎረቤቴ፣ ታክሲ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ጋሼ፣ መስኮቱን አንኳኩና ገብተው አጠገቤ ተቀመጡ። ማንም እንደማያናግረኝ ነገርኳቸው። እስቲ ልስማ አሉ። ተናገርኩ፤ መልስ አልመጣም።

«ስትናገሪ የት ነው የምታዪው?» አሉኝ።

«መሬት።»

«እንግዲያው መሬቱ ይመልስልሻ። ቀና በይና ድገሚው።»

ቀና ብዬ ማይኩን ስጫን የሬዲዮው መብራት ድርግም ብሎ ጠፋ፤ ስለቀው ተመልሶ በራ። ሰው ሳናግር ዓይኔን መስበር ተምሬ ስላደግኩ መብራቱ ሲጠፋ አንድም ቀን አይቼ አላውቅም። ሬዲዮው ሲያዳምጥ ትንሽ ኃይል ይበቃዋል፣ ሲናገር ግን ብዙ ይስባል፣ የመለኮሻው ቀጭን ሽቦ አይችለውም አሉኝ። ኮፈኑን ከፍተን፣ ፊውዝ ያለበት ወፍራም ሽቦ ከባትሪው በቀጥታ ሳብን።

እሳቸው እጃቸውን ሊታጠቡ ቤታቸው ሲገቡ ብቻዬን ማይኩን ተጫንኩና ፊደሎቹን ተናገርኩ። መብራቱ አልጠፋም። አንድ ሽማግሌ በሬዲዮው ፊደሎቼን መልሶ ጠራና ድምፅሽ ጥሩ ይሰማል፣ ከዚህ በፊት ሰምተንሽ አናውቅም፣ አዲስ ነሽ ወይ አለኝ። ለካ አልናቁኝም። መኖሬንም አላወቁም።

አዎ አልኩት። ጣቴን ግን ከማይኩ አላነሳሁም። እስካላነሳሁ ድረስ እሱ መናገር አይችልም፤ ሊሰናበተኝም አይችልም።