ጋሽ ተሰማን የገደልነው ለፊልም ብለን ነው

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው... ደብረ ብርሃን፣ በደርግ ጊዜ። እኔና ጓደኛዬ ግርማ መስኮቱን በብርድ ልብስ ሸፍነን፣ ግድግዳው ላይ ነጭ አንሶላ ወጥረን፣ ላልኖረ ሰው ለቅሶ ተቀምጠናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ግርማ አጎቱ ከውጭ ያመጣለት ትንሽ የፊልም ካሜራ ነበረችው። እሷን እየተቀባበልን ከጓደኞቻችን ጋር የየራሳችንን አጫጭር ፊልም ሠራን። ድምፅ የለ፣ ተዋናይ የለ፣ ፈቃድማ ከነጭራሹ የለ። የኔ ፊልም ቀበሌ ሱቅ በር ላይ የተሰለፈ ሰው እግር ብቻ ነው። የግርማ ደግሞ አንኮበር ላይ ጉም ገደሉን ሲሸፍነው ነው፣ ሌላ ምንም የለበትም።

«ታሪኩ የታለ?» ስለው «ጉሙ ነዋ» ይለኛል ኮራ ብሎ።

ሁሉንም ባንድ ቀን ለጓደኞቻችን ልናሳይ ፈለግን። «ፌስቲቫል» አልነው... አይ ልጅነት። ግን ያኔ ያለ ቀበሌ ፈቃድ ወጣት ሰብስቦ በር መዝጋት በገዛ እጅ መታሰር ነው።

«ለቅሶ እንበለው» አለ ግርማ። «ለለቅሶ ማን ፈቃድ ይጠይቃል?»

እናቴ መዘዞ እህቷ ጋ ስለሄደች ቤቱን ለብቻዬ ይዤዋለሁ። ደነባ የሚኖር አጎት ፈጠርንና ገደልነው። ስሙን ጋሽ ተሰማ አልነው።

ያላሰብነው ነገር፣ ለቅሶ ከተባለ ጎረቤት ይመጣል። ገና የፊልም ማሳያ ማሽኑን ልናበራ ስንል በሩ ተንኳኳ። ማሽኑ አልጋ ሥር ገባ። ጎረቤታችን አባባ ሽፈራው ጋቢያቸውን ደርበው ገቡ፣ ሌሎች ጎረቤቶችም ተከተሏቸው። ግርማ ሳቁ አመለጠውና ፊቱን በነጠላ ሸፈነ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አባባ ሽፈራው «አይዞህ ልጄ» እያሉ ያባብሉታል።

ከዚያ እትዬ ዘነበች መጡ።

እትዬ ዘነበች የታደሰ እናት ናቸው። ታደሰ አብሮን የሚማር ልጅ ነበር። ባለፈው ዓመት ከቤቱ ወሰዱት፣ በማግስቱ መንገድ ዳር ተጥሎ ተገኘ። እናቱ «እንዳታለቅሺ» ተባሉ። ጥቁር መልበስም ተከለከሉ። ዓመት ሙሉ እንባቸውን ያየ ሰው የለም።

አጠገቤ ተቀመጡና «የሞተው ማን ነው?» አሉኝ።

«አጎቴ ናቸው፣ ጋሽ ተሰማ።»

«የሚያለቅስለት ልጅ አለው?»

«የላቸውም።»

«እንግዲያ እኔ አለቅስለታለሁ» አሉ።

ነጠላቸውን አዘቀዘቁና ጀመሩ። «ወይኔ ተሰማ... ተሰማዬ... ጢምህ ሳይበቅል... ደብተርህን እንደዘረጋህ... እራትህን ሳትቀምስ...»

የግርማ ሳቅ ጠፋ። ማንን እንደሚያለቅሱ ያልገባው ሰው አልነበረም። ቤቱ ባንድነት አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ... ዓመት ሙሉ ስሙን እንኳ ለመጥራት ስፈራ ለከረምኩት ለታደሰ።

ጩኸቱን ሰምቶ የቀበሌው አብዮት ጠባቂ ጠመንጃውን እንዳነገተ ገባ። «ማነው የሞተው?»

እኔ ወደ ግርማ ዞርኩ። አባባ ሽፈራው ግን ቀና አሉና «ተሰማ ነው፣ የደነባው። አብሮ አደጌ ነው» አሉት።

ሰውዬው በሩ ላይ ቆሞ አዳመጠ። እትዬ ዘነበች አላቋረጡም። «ጢምህ ሳይበቅል...» ይላሉ። አንገቱን ደፍቶ «እግዜር ያጥናችሁ» ብሎ ወጣ። ገብቶት ይሁን ሳይገባው፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሰው ሲበተን እትዬ ዘነበች እጄን ያዙኝ። ዓይናቸው አብጧል። «ሠልስቱ መቼ ነው?» አሉኝ።

እንዴት ብዬ የለም ልበላቸው?

«ሰኞ ነው እትዬ።»

እናቴ ስትመለስ ሁሉንም ነገርኳት። ትቆጣኛለች ብዬ ስጠብቅ «ያንተ አጎት ከሆነማ የኔም ወንድም ነው» አለች። ለአርባው ጠላ ጠነሰሰች።

በአርባው ቀን ቄሱ ለፍትሐቱ የሟቹን የክርስትና ስም ጠየቁ። እኔና ግርማ ተያየን። ለጋሽ ተሰማ የክርስትና ስም አላወጣንለትም።

«ወልደ ሚካኤል ነው» አሉ እትዬ ዘነበች ቀስ ብለው።

ቄስ ትምህርት ቤት አብረን ስለነበርን ስሙን አውቀዋለሁ። የታደሰ ነው። እናቴም ታውቀዋለች፣ አንገቷን ደፋች።

ፊልሞቻችንን እስከ ዛሬ ያያቸው የለም... ታደሰ ግን ፍትሐቱን አገኘ።