የገመዱ ዕዳ

አባቴን እንጦጦ ለማውጣት ሁለት ወር ፈጀብኝ። ሐኪሙ «ካልተራመደ ጉልበቱ ይታሰራል» ካለ ወዲህ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ፈረንሳይ ለጋሲዮን ካለው ቤቱ እሄዳለሁ፤ እሱም ቅዳሜ በመጣ ቁጥር «ጉልበቴን አመመኝ» እያለ ሰበብ አያጣም። በመጨረሻ ተናደድኩ። «አባዬ፣ ሰው ከቦሌ መኪና አስነስቶ ይመጣል፤ ላንተ ጫካው ደጅህ ላይ ነው። ምን ሆነህ ነው?» አልኩት።

«እዚያ ላይ ዓይናቸውን ማየት የማልፈልጋቸው ሴቶች አሉ» አለኝ።

አባቴ ጡረታ እስኪወጣ የደን ጥበቃ ነበር። ቅጠልና ጭራሮ የሚለቅሙ ሴቶችን ያባርራል። እንጨቱን አይነካም፤ የሚነጥቃቸው ገመዳቸውን ነው። ገመድ የሌላት ሴት ምን ትሸከማለች? ዘዴው ይኸው ነበር። ልጅ ሆኜ ገመድ ዝላይ የተጫወትኩት በነዚያ ገመዶች ነው፤ ከየት መጡ ብዬ ግን ጠይቄ አላውቅም።

ለማንኛውም ጎትቼ አወጣሁት። ሌሊት ዘንቦ ስለነበር ባሕር ዛፉ ይሸታል፤ ወጣቶች በብስክሌት እየተንጫጩ ያልፉናል፤ ከታች ከተማው ግማሹ በጉም ተሸፍኗል። አባቴ ቀስ በቀስ ፊቱ ተፈታ። «እዚህ ጋ ምንጭ ነበረች» ይለኛል፤ «ይሄ ጽድ ስቀጠር ከወገቤ አያልፍም ነበር» ይለኛል። ደስ አለኝ። ሁለት ወር ሙሉ ለምን እንደለመንኩት ገረመኝ፤ እጁን ይዤ መውጣት ነበረብኝ።

ከእንጦጦ ፓርክ ወጥተን በኮረኮንቹ ስንወርድ አንዲት ጎበጥ ያሉ እናት የቅጠል ሸክማቸውን ካብ ላይ አሳርፈው ቆመዋል። «አባቴ፣ እስቲ ያሸክሙኝ» አሉት። ሸክም ያሳረፈ ሰው አላፊ አግዳሚውን እንዲህ ይጠይቃል፤ እምቢ የሚል የለም። አባቴ ግን ደርቆ ቀረ። አፍሬ እኔ ላነሳላቸው ስል ክንዴን ያዘኝ።

«እኔ የድሮው ጥበቃ ነኝ» አላቸው። «ገመድ ስነጥቃችሁ የነበርኩት። ይቅር ይበሉኝ።»

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ ስለዚህ እርግማን ጠበቅኩ። ሴትዮዋ ትክ ብለው አዩት።

«ገመድ የነጠቀኝ ብዙ ነው፤ የትኛውን ላስታውስ?» አሉና ጀርባቸውን ሰጡት። «በሉ አሁን ያሸክሙኝ፤ ሾላ ገበያ ሳይረፍድብኝ ልድረስ።»

አሸከማቸው። ከዚያ ሸክሙን ከኋላ በሁለት እጁ ደግፎ እስከ አስፋልቱ ድረስ ተከተላቸው። ድሮ ሲያባርራቸውም ከኋላቸው ነበር። እኔ ባዶ እጄን ከሁለቱ ኋላ ወረድኩ። ቤት እስክንገባ ስለ ጉልበቱ አንድም ቃል አልተነፈሰም።