ጉድጓድ ውስጥ የከረመው ገጀራ

መስከረም ሲጠባ የጸሎት ቤታችን ወንጌላዊ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይለን ነበር። «ክረምቱ ወጣ። ጭቃውም ይደርቃል። እንግዲህ ሩጫችሁን ቀነስ አድርጉና ነፍሳችሁን መግቡ።» እኔም ከሰው ጋር አሜን እላለሁ። እንዴት እንደሚደረግ ግን አላውቅም ነበር። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ነፍስ በምን እንደምትመገብ እዚያ አልደረስንም። እኔ የማውቀው ጆሮዬን አቁሜ መዋል ነበር፤ ማን መጣ፣ ማን ጮኸ፣ ልጆቹ የት ናቸው።

የምንኖረው ከሆሳዕና ገበያ ወጣ ብሎ ነው። ዘመኑ የጃንሆይ፣ መሬቱ የባለ ርስቱ፣ እኛ ጭሰኞች ነበርን። የባሌ ታናሽ ወንድም፣ ዋርሳዬ፣ ቤቱ ከእንሰት ማሳችን ባሻገር ነበር። አማቴ፣ የሁለቱ እናት፣ ከእኛ ጋር ይኖሩ ነበር። በዚያ ዓመት የባሌ አባት የልጆቻቸውን ወሰን ለይተው ሳያሳዩ ሞቱ። ሐምሌ ላይ ዋርሳዬ መሃል ላይ የቆሙትን ትልልቅ እንሰቶች ነቅሎ ወደ ቤቱ አጋዘ። ባሌ ይህን ሲያይ ዱላውን አንስቶ ወጣ።

ዱላ ሥጋ ላይ ሲያርፍ ድምፁ ደንዘዝ ያለ ነው። እስከ ዛሬ አልረሳውም። ጭቃው ውስጥ ይወድቃሉ፣ ይነሳሉ፣ እንደገና ይማታሉ። የባሌ የፊት ጥርሶች ረገፉ። የዋርሳዬ ጆሮ ተቀዶ ተንጠለጠለ። ደሙ ከዝናቡ ጋር ፊታቸው ላይ ስለሚወርድ ማን የቱ እንደሆነ መለየት አቃተኝ። ልጆቼን ወደ ውስጥ አስገብቼ በሩን በጀርባዬ ደግፌ ቆምኩ። አማቴ ውጭ ሆነው ይጮሃሉ፦

«ተላለቁ! በሰው መሬት ላይ ተላለቁ! ባለ ርስቱ መጥቶ ይቀብራችኋል!»

ጎረቤት ደርሶ ጎትቶ አላቀቃቸው። ባሌ ገብቶ ተቀመጠና ደሙን እየተፋ «ያሆዴ ሳይደርስ ይሄን ሰው እቆርጠዋለሁ» አለ። ያሆዴ መስቀል ነው፣ በሀዲይኛ። እኛ ዘንድ ቂም ይዞ ያሆዴን መሻገር ነውር ነው። የተጣላ ሰው ካልታረቀ ገንዘብ አዋጥተን ከምናርደው የማኅበር በሬ ሥጋ አይደርሰውም። እሱ ግን ስለ መታረቅ አላሰበም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሥራ ሲመለስ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ገጀራውን ድንጋይ ላይ ይስላል። ሽው፣ ሽው ይላል። ትንሿ ልጄ ሲስል ስታይ ሳህኗን ይዛ ወደ ጓዳ ትገባ ጀመር፤ እዚያ ጨለማው ውስጥ ትበላለች።

ነሐሴ መግቢያ ላይ ለያሆዴ የሚሆነውን እንሰት ለመፋቅ ሴቶች ተሰበሰብን። ሴቶች እንሰት በሚፍቁበት ቦታ ወንድ አይደርስም። የሚያልፍበት መንገድ እንኳ ቢሆን ዞሮ ይሄዳል። የተፋቀውን በቅጠል ጠቅልለን ጉድጓድ ውስጥ እንቀብረዋለን፤ እዚያ ቆይቶ ሲብላላ ቆጮ ይሆናል። የምንፍቀው በቀርከሃ ነው። ብረት ከነካው ይጠቁራል፤ ይህን ሴት ልጅ ሁሉ ከእናቷ ትማራለች። እኔም ተምሬአለሁ። ግን በዚያ ግቢ ውስጥ ባሌ እጁን የማያስገባበት ሌላ ቦታ አልነበረም።

ሴቶቹ ውሃ ሊጠጡ ሲነሱ ከቤት ደብቄ ያመጣሁትን ገጀራ በእንሰት ቅጠል ደራርቤ ጠቀለልኩና ጉድጓዱ መሃል ከተትኩት። ቀና ስል አማቴ ከላይ ሆነው ያዩኛል። ቀሚሳቸውን ሰብስበው ጉድጓዱ ውስጥ ገቡና ቆጮው እንዲጠቀጠቅ በሚረገጥበት አረጋገጥ ቦታውን ረገጡት።

«አፈር መልሺበት» አሉኝ ሲወጡ።

በማግስቱ ባሌ ገጀራውን ፈለገ። አልጋ ገለበጠ፣ እህል ዘረገፈ፣ ውሃ የሞላውን እንስራ በእርግጫ ሰበረ።

«የት አደረግሽው?»

«አላየሁም።»

«አንቺ ሴትዮ፣ የት አደረግሽው?»

«አላየሁም አልኩህ፣ የልጆቼ አባት።»

በዱላ መታኝ። መጀመሪያ ጀርባዬን፣ ቀጥሎ ፊቴን ልከልል ያነሳሁትን ክንዴን። ክንዴ ሲሰበር ሰማሁት። አማቴ መሃል ገብተው «ምታኝ! እኔም አላየሁም፣ ምታኝ!» እያሉ ደረታቸውን ሰጡት። ዱላውን ወርውሮ ወጣ።

ነሐሴን በሙሉ ክንዴን በጨርቅ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ከረምኩ። ሌላ ገጀራ ይገዛል ብዬ በየገበያው ቀን እጨነቅ ነበር። ግን ያለችው ብር ሁሉ ለበሬው ማኅበር ገብታ ነበር።

ዝናቡ አቆመ። ሰማዩ ታጥቦ ወጣ። ሽማግሌዎች ሁለቱን ወንድማማቾች ሣር ላይ አስቀምጠው ለማስታረቅ ጠሯቸው። ሴቶቹ ራቅ ብለን እናያለን። ሽማግሌው ገና ተናግረው ሳይጨርሱ ዋርሳዬ ወንድሙን አየና ሳቀ።

«ምን ይላል ይሄ? ጥርስህን ልቀምልህና ደህና አድርገህ ተናገር።»

ባሌ ተነሳ። ቀኝ እጁ ገጀራው ወደሚታሰርበት ወደ ወገቡ ሄደ። አየሁት። እጁ እዚያ ዳበሰ፣ ዳበሰ፣ ምንም አላገኘም። በቡጢ ገባበት። አፈር ላይ ተንከባለሉ፣ ተነካከሱ፣ ተናነቁ። ሽማግሌዎቹም ከዘራቸውን አንስተው ሁለቱንም ወቀጧቸው። በመጨረሻ ሁለቱም ትንፋሽ አጥተው ጎን ለጎን ተዘረሩ። ደረታቸው ብቻ ከፍ ዝቅ ይላል። ወሰኑን ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ረግጠው ለዩ። «ታርቃችኋል» ሲባሉ እሺ አሉ፤ ግን አንዱ የሌላውን ዓይን አላየም።

ለያሆዴ ጉድጓዱን ስንከፍት መሃሉ እንደ ከሰል ጠቁሯል። ገጀራው ስለቱ ተበልቶ፣ ዝጎ፣ ተቦርቡሮ ወጣ። ቅጠሉ ሲረገጥ ተቀዶ ኖሯል።

«እማዬ፣ ጥቁሩን ልጣለው?» አልኳቸው።

«ለይተሽ ጋግሪው» አሉ አማቴ። «ባለቤት አለው።»

በበዓሉ ወንድማማቾቹ ሽማግሌ ባዘዘው መሠረት ከአንድ ገበታ ተቀመጡ። ክትፎው በቅቤ ርሶ ቀረበ። ለሰው ሁሉ ነጩ ቆጮ ተቆረሰ። አማቴ ጥቁሩን ይዘው መጡና በሁለቱ ልጆቻቸው ፊት አስቀመጡት።

«ይሄ ቆጮ ነው ወይስ ከሰል?» አለ አንድ ጎረቤት።

«ከሰልማ ቢሆን ያሞቅ ነበር» አለ ሌላው። ተሳቀ።

ባሌ አልሳቀም። «ምን ነክቶት ነው?»

«ገጀራህ» አሉ አማቴ።

ሳቁ ቆመ። ባሌ ወደ እኔ ዞረ። የተሰበረውን ክንዴን ነጠላዬ ውስጥ ከተትኩት። ዋርሳዬ ቆጮውን አነሳና አገላበጠው።

«ለእኔ የተሳለው ነው?»

«ላንተ» አሉ እናቱ።

ዋርሳዬ ቆረሰና ክትፎ ጠቀለለበት። በጣቱ አድቅቆ አለሰለሰውና ወደ ወንድሙ አፍ ዘረጋው። «እንካ። ጥርስ የለህም፣ አለስልሼልሃለሁ።»

እኔ የልጆቼን እጅ ያዝኩ። ባሌ ጉርሻውን ለረጅም ጊዜ አየው፤ የወንድሙን የተቀደደ ጆሮ አየ። ከዚያ አፉን ከፈተ። በመንጋጋው፣ ቀስ ብሎ፣ ፊቱን ከምሬቱ እያጨማደደ አኘከ። እስኪውጠው ድረስ ዓይኔን ከጉሮሮው ላይ አላነሳሁም። ሲውጥ ለወንድሙም ቆረሰለት።

ስለ እኔ ክንድ ግን ያነሳ ሰው አልነበረም። ለእኔ ሽማግሌ አልተቀመጠም፤ ባሌም ማሪኝ አላለኝም። ክንዴ ጠማማ ሆኖ ጠግኗል። ዛሬም ክረምት ሲወጣ ይጠዘጥዘኛል።

ከበዓሉ ማግስት ሥራ አይነካም። ደጃፍ ላይ ፀሐይ ውስጥ ተቀመጥኩ። እንደ ልማዴ ጆሮዬን አቆምኩ፤ የሚሳል ነገር የለም። ልጆቹ ማሳው ውስጥ ከአጎታቸው ልጆች ጋር ይሯሯጣሉ። አማቴ በትንሽ ሸክላ የቀለጠ ቅቤ ይዘው መጡና አጠገቤ ተቀመጡ።

«አምጪው» አሉኝ።

ክንዴን ሰጠኋቸው። ከክርን እስከ አንጓ፣ ቅቤው ቆዳዬ ውስጥ እስኪጠፋ ድረስ ያሹኝ ጀመር። ምግቡ እሳት ላይ ነው፣ ልነሳ አልኩ። በሌላ እጃቸው ትከሻዬን ይዘው መለሱኝ።

«ይረር» አሉ። «ተቀመጪ።»