ከጠርሙሱ ሥር የጠነከረው መድኃኒት

መጀመሪያ የተንቀጠቀጠው የቀኝ እጇ አውራ ጣት ነው። ልጄ ሐያት የደንብ ልብሷን ለብሳ ፀጉሯን እየጎነጎንኩላት ነበር። «ሐያት!» አልኳት። አፏ ወደ አንድ ጎን ተጣመመ። ከዚያ ወደቀች።

የሚጥል በሽታ እንዳለባት ካወቅን ቆይተናል። ካርባማዜፒን የሚባለውን ፈሳሽ መድኃኒት ከጀመረች ወዲህ ግን ጥሏት ስለማያውቅ፣ እኔም ባለቤቴ ጀማልም በሽታውን ረስተነው ነበር ማለት ይቻላል። ጀማል በአዳማና በአሰላ መካከል ሚኒባስ ይነዳል። ስደውልለት ተሳፋሪዎቹን ለሌላ ሾፌር አስረክቦ መጣ።

ብዙም ሳይቆይ ደገማት። የምትታከምበት ክሊኒክ ሐኪም ክብደቷ ስለጨመረ ይሆናል ብሎ መጠኑን ከፍ አደረገው። ከመጀመሪያው መውደቋ ጥቂት ቀደም ብዬ የከፈትኩትን ጠርሙስ በደንብ እየነቀነቅኩ፣ በመለኪያው እየለካሁ ሰጠኋት። አሁንም ጣላት።

መድኃኒቱ ከግማሽ በታች ሲወርድ መጣሉ ቆመ። «አልሐምዱሊላህ» አልን። ደስታችን ግን አልቆየም። ሐያት ክፍል ውስጥ እንቅልፍ ይጥላት ጀመር። ስትራመድ ግድግዳ ትደገፋለች። የዓይኗ ብሌን ይወዛወዛል።

«እማዬ፣ ለምን ሁለት ሆንሽ?» አለችኝ።

አስመለሳት። ሰውነቷ ዛለ። ብጠራት አልነቃ አለች።

ሆስፒታል እስክንደርስ አንድ ሐሳብ ብቻ ነበረኝ፦ አንጎሏ ተጎድቷል።

ተረኛዋ ሐኪም መርምራት ቀና አለች። «መድኃኒቱ የበዛባት ይመስላል።»

«ዶክተር፣ ወላሂ ከታዘዘው አንዲት ጠብታ አልጨመርኩም!»

«አምንሻለሁ እህቴ። ጠርሙሱን አስመጪልኝ።»

ጀማል ሮጦ አመጣው። የሆስፒታሉ ፋርማሲስት ጠርሙሱን ገልብጦ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘው፤ ደጋግሞ ነቀነቀው። ከሥሩ ያለው ነጭ ዝቃጭ ግማሹ እንደ ደረቀ ኖራ ተጣብቋል። ግማሹ ተሰብሮ ፈሳሹን አወፍሮታል።

እንዲህ ያለው መድኃኒት ሰስፔንሽን እንደሚባል አስረዳን። እንደ ስኳር የሟሟ አይደለም፤ የደቀቀ ዱቄት ነው በፈሳሹ ውስጥ የሚንሳፈፈው። ሲቀመጥ ይዘቅጣል፣ ሲነቀነቅ ደግሞ እኩል መበተን አለበት። ይሄኛው ግን ጠንክሯል። «መጀመሪያ የሰጠሻት ላዩን ነው፤ የሳሳ ነበር። በኋላ መጠኑም ጨምሮ፣ ታቹም ወፍሮ በዛባት» አለኝ። ከፋብሪካው ይሁን፣ በመንገድ ሙቀት መቶት ይሁን እሱም አላወቀ። እኔም እስከ ዛሬ አላውቅም።

ጉሉኮስ ተሰካላት። መድኃኒቱን ሐኪሟ ለጊዜው አስቆመችው። ጠበቅን። አልነቃችም። ጠበቅን።

በማግስቱ ዓይኗን ገልጣ ፓፓያ አማረኝ ስትል ጀማል ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አለቀሰ። ቀስ በቀስም ሻርፔን ይዛ በኮሪደሩ መመላለስ ጀመረች፤ ሐኪሟም አዲስ ጠርሙስ በትክክለኛው መጠን አስጀምራ፣ በየጊዜው እየተመለስን እንድንታይ ነግራ ወደ ቤት ሸኘችን።

ጥፋቱን እኔ ላይ ሳይሆን ጠርሙሱ ውስጥ የፈለጉትን ሁለቱን ባለሙያዎች አላህ ይስጥልኝ። እናንተም ፈሳሽ መድኃኒት የምትሰጡ ወላጆች፣ ነቅንቃችሁ ሥሩን እዩት፤ ተጣብቆ አልለቅ ካለ ወይም ልጃችሁ ከተለወጠባችሁ ጠርሙሱን ይዛችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ። በራሳችሁ ግን አታቋርጡ፤ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ድንገት ሲቆም ያው በሽታው ብሶ ይመጣል።

ትናንት ሐያት ከጎረቤት ልጆች ጋር ገመድ ስትዘል ከደጃፉ ቆሜ አየኋት። ከዚያ እዚያው ትቻት ወደ ሥራዬ ገባሁ።