ከዘይት ቆርቆሮ የተቆረጡ ኮከቦች

ሮቤ አክስቴ ቤት፣ ገና ሲቃረብ ቆርቆሮ የሚቆርጠው ልጇ ነበር። ባዶውን የዘይት ቆርቆሮ ይሰነጥቅና በትልቅ መቀስ ኮከብ ያወጣበታል። ከዚያ በተበላሸ ካሴት ክር አስሮ በሩ ላይ ያንጠለጥላቸዋል። ረጅም ስለነበር ሲገባ ግንባሩ ይነካቸውና ይንቃጨላሉ። አክስቴ ከጓዳ «ሴኒ» ትለዋለች፤ በኦሮምኛ ግባ ማለቷ ነው።

ወደ ሰሜን ዘመተ። ጦርነቱ አብቅቶ አብረውት የሄዱት ወደ ጎባና ወደ አጋርፋ ሲመለሱ እሱ አልመጣም።

የዚያን ዓመት ለገና ከአዲስ አበባ ስመጣ አክስቴ ራሷ ቆርቆሮ ስትቆርጥ አገኘኋት። ቆርቆሮውን የሰጧት ጎረቤቷ ባለሱቁ ሐጂ ናቸው። እጇ ስላልለመደው የኮከቦቹ ጫፍ ተጣሟል። ልርዳሽ ብላትም መቀሱን አልሰጠችኝም።

በዋዜማው ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ከፈትኩ። ሐጂ ከሁለት የሰፈር ሽማግሌዎች ጋር ቆመዋል። መርዶ የሚነገረው በዚያ ሰዓት ስለሆነ ለምን እንደመጡ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ሐጂ ሲገቡ ኮከቦቹ ቆባቸውን ነክተው ተንቃጨሉ።

«ሴኒ» አለች አክስቴ ከጓዳ።

ሐጂ እግራቸውን እንዳነሱ ቀሩ።

ወጥታ ስታያቸው ፊቷ አልተለወጠም። አስቀመጠቻቸው፣ ሻይ ቀዳችላቸው። ማን ቃሉን እንደሚጀምር እርስ በርስ ተያዩ። ቀደመቻቸው።

«የሐዘን ቤት አይጌጥም፣ ሐጂ። የኔ ቤት ይኸው አጊጧል። ቆርቆሮውም የእርስዎ ነው።»

ሻያቸውን ጠጡ፣ መልካም በዓል ተመኙላትና ወጡ። ተከትዬ ወሬውን ከማን እንደሰሙ ሐጂን ጠየቅኋቸው። ከተመለሱት አንዱ በእጁ እንደቀበረው ነግሯቸዋል። ከዚያ ክንዴን ያዝ አድርገው፣ «እሷ እስክትጠይቀን ድረስ እኛ አልሰማንም» አሉኝ።

ጥምቀት አለፈ፣ ፋሲካም አለፈ፣ ኮከቦቹ አልወረዱም። በክረምት ስመጣ ዝገዋል። ሰው ሁሉ ቤቷ የሚገባው ጉልበቱን አጥፎ፣ እንዳይነካቸው ተጠንቅቆ ነበር፤ ከተንቃጨሉ ከውስጥ «ሴኒ» እንደምትል ያውቃላ። ነፋሱን ግን የሚያስጎነብሰው የለም። ከሳነቴ አምባ ሲወርድ ቀኑን ሙሉ ያንቃጭላቸዋል፣ እሷም ቀኑን ሙሉ ትመልሳለች። ጋዜጠኛ ነኝ፤ ሥራዬ የሰማሁትን ማጣራት ነው። መሞቱን አጣርቻለሁ። ቢሆንም እሷ «ሴኒ» ባለች ቁጥር ዞሬ በሩን አይ ነበር።

በቀጣዩ የገና ዋዜማ ጠዋት፣ አዲስ ቆርቆሮ ትቆርጣለች ብዬ ስጠብቅ በርጩማ አምጥታ በሩ ሥር አስቀመጠች። ያዝልኝ አለችኝ። በርጩማው ላይ ወጥታ ክሩን አንድ በአንድ ፈታች። የመጨረሻውን ኮከብ መዳፏ ላይ አደረገች።

«ስንቴ ሴኒ አልኩት» አለች። «ቢኖር አንዴ ይገባ ነበር።»

በመንገዱ ወደ ገበያ የምታልፍ ጎረቤት ባዶውን በር አይታ ቆመች። ዘንቢሏን መሬት ላይ አስቀምጣ ነጠላዋን አዘቀዘቀች። ከቀትር በፊት ግቢው በለቀስተኛ ሞላ። ማን እንደነገራቸው የመጡትን ጠየቅኩ። የነገራቸው የለም።

ሐጂ ሲመጡ በሩ ላይ ምንም የሚነካቸው አልነበረም። ጎንበስ ብለው ገቡ።